ሕግና ኀፍረት

ሰው የሚያከብረው ሕግ እየፈቀደለት ኀፍረቱ ቢከለክለው፥ ከሁለቱ ለማንኛው ሊታዘዝ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ለቃል ክርክር ብቻ የተነሣ አይደለም። በኢየሩሳሌምም ሆነ በኒውዮርክ በሃይማኖታቸው ጥብቅ በሆኑት የአይሁድ ወጣቶች ዘንድ የሕይወትና የሞት ነገር ሊሆን ይችላል።

የዘር ፍሬ ነቀርሳ የሽማግሌ በሽታ አይደለም፤ ይልቁንም ከ15 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ወንዶች ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሕመም በሌለው ትንሽ እብጠት ስለ ሆነ፥ እጅ ካልዳሰሰው ዓይን አያየውም። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ሎውረንስ አይንሆርን የሚባል ሐኪም በአሜሪካ በኢንዲያና ሲስፕላቲን የተባለውን መድኀኒት ከሌሎች ጋራ አጣምሮ መስጠት ከጀመረ ወዲህ፥ ደዌው ወደ ሌላ አካል ከተዛመተ በኋላ እንኳ ብዙዎች ይድናሉ። ዛሬ ከመቶው ሕመምተኛ 95 ያህሉ ይተርፋል። እንግዲህ የሚያሳዝነው ሊድን የሚችለው ሰው በዝምታ ሲዘገይ ነው።

ከጌታ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና፥ ኒዳ በተባለው ክፍሉ፥ ገላዋን አዘውትራ የምትመረምረውን ሴት ያመሰግናል፤ የወንዱን እጅ ግን ይቈረጥ ይላል። ምክንያቱም ዘር በከንቱ እንዳይፈስ ነው። ነገር ግን ታልሙድ ይህን ቃል ሲተረጕም፥ የተነገረው ስለ ዘር ነው እንጂ ኦሪት ዘሌዋውያን በ15ኛው ምዕራፍ ስለሚያወሳው የደዌ ፈሳሽ ከሆነ ወንዱም እንደ ሴቶቹ ነው ይላል። እንኪያስ የመመርመር ፈቃድ ሐኪሞች ያመጡት አዲስ ነገር ሳይሆን ከክልከላው አጠገብ ተጽፎ ይገኛል። ሆኖም ክልከላው ወደ ሁሉ ጆሮ ይደርሳል፥ ፈቃዱ በሊቃውንት ዘንድ ይቀራል፤ መምህሩ ፈቃዱን ላስተምር ቢል ብልቱን በስሙ መጥራት ግድ ይሆንበታልና። በእኛም ቋንቋ የአካሉ ስም ራሱ ኀፍረተ ሥጋ ስለ ሆነ፥ ይህን ዝምታ የማያውቀው አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

የአይሁድ አባቶች ለሕጉ አጥር እንዲታጠርለት አዘዋል። መልካም ነው፤ አጥር እርሻን ይጠብቃል። እርሻው ሲቃጠል ባለቤቱ ውሃ ይዞ እንዳይገባ የሚከለክል አጥር ግን የሚጠብቀው ምንድር ነው? ነፍስን ለማዳን ሰንበት እንኳ እንደሚሻር ከዘሌዋውያን 18፥5 ያስተማሩት እነዚያው ሊቃውንት ናቸው።

ከኀፍረቱ ይልቅ የሚከብድ ሌላ ፍርሃት አለ። ሕክምናው የሚጀምረው የታመመውን ፍሬ ቈርጦ በማውጣት ነው። ኦሪት ዘዳግም ደግሞ በ23ኛው ምዕራፍ ፍሬው የተቀጠቀጠ ሰው ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ያዛል፤ ይህም በአይሁድ ትርጓሜ ከእስራኤል ልጅ ጋራ አይጋባ ማለት ነው። ታልሙድ በሰማይ እጅ የደረሰበትን ከዚህ ነፃ ያወጣዋል። ለፈውስ በሐኪም ቢላ የተቈረጠው ከየትኛው ወገን ነው ብለው ሊቃውንት ተከራክረውበታል፥ ለሕመምተኛው የፈረዱለትም አሉ። ነገር ግን ያላገባ የ20 ዓመት ወጣት ይህን ማንን ይጠይቃል? ጋብቻ በአገናኝ በሚፈጸምበት ወገን፥ ጥያቄው ራሱ ወሬ ሆኖ የእኅቱን ዕድል እንኳ ይዘጋል ብሎ ይፈራል።

በእርግጥ ሐኪሞችም በአንድ ቃል አይናገሩም። በ2011 የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና አማካሪዎች ምንም ምልክት የሌለበት ወንድ ሁሉ ዘወትር ይመርመር ማለትን አልደገፉም። ስለዚህ እኔም በየወሩ መመርመርን እንደ ትእዛዝ አልጽፍም። የምከራከረው እብጠቱን ካገኘ በኋላ ስለሚሸሽገው ነው።

ይህ ሕዝብ ለኀፍረቱ መውጫ ማበጀት አያቅተውም። ረቢ ዮሴፍ ኤክስታይን ታይ ሳክስ በተባለው ደዌ ልጆቹን ከቀበረ በኋላ፥ በ1980ዎቹ ዶር የሾሪም የተባለውን ማኅበር አቆመ። ወጣቶች ከጋብቻ በፊት ደማቸውን ይሰጣሉ፤ በስማቸው ፈንታ ቍጥር ይቀበላሉ፤ የሚነገራቸውም ሁለቱ ቢጋቡ ለልጆቻቸው የሚያሰጋ መሆኑና አለመሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም አያፍርም። ለዘር ፍሬ ነቀርሳ ግን ቍጥር አይበቃም፤ ወጣቱ በገዛ አፉ ለአንድ ሰው መናገር አለበት፥ ያም ሰው ሳይደነግጥ የሚሰማው መሆን አለበት።