አራት ሐኪም በአንድ መስኮት

ከደጋ ወርዶ ዲማ ላይ ወርቅ መግዛት የጀመረ አንድ ነጋዴ ነበር አሉ። ሌሊት በሩን የምትጠብቅለት ውሻም ይዞ መጥቷል። ዲማ ግን ለደጋ ውሻ የምትመች አገር አይደለችም። ከአኮቦ ወንዝ ዳር ጥሻ የሚነሣው የገንዲ ዝንብ የከብትን ብቻ ሳይሆን የውሻንም ደም ይጠጣል፤ ሲነክስም ደም ውስጥ የሚራባ ተባይ ትቶ ይሄዳል። ወር ሳይቆይ ውሻዋ ከሳች፤ ትኩሳቱ መጣ ሄደት እያለ አደከማት፤ በመጨረሻም ዓይኗን ነጭ ጉም ጋረደው።

ነጋዴው የከተማው የእንስሳት ሐኪም ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ፈለገና ጀበና ቡና ከሚፈላበት ገብቶ ጠየቀ። እዚያ የተቀመጡት አራቱም እንስሳ አሳክመዋል።

ቤት አከራዩ ቀደመ። "እንዲህ ያለ አዋቂ በዚህ አገር አልታየም! ድመቴ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀምስ ብላ ተዘርራ ነበር። ሆዷን ዳበስ አደረገና መልሶ ሰጠኝ። በማግሥቱ ድና ተነሣች። መርፌ እንኳ አላስነካትም፤ እጁ ነው መድኃኒቱ።"

"የምን እጅ? የሰሳች እጅ!" አሉ አንዲት እናት። "በጡጦ ያሳደግኳት ፍየሌ አስቀምጧት ይዣት ብሄድ፣ 'እናቴ፣ መርፌ አያስፈልጋትም፤ ውኃ በጨውና በስኳር በጥብጠው ያጠጧት፣ ሦስት ቀን እርጥብ ሣር ይከልክሏት' አለኝ። እኔ ገንዘቤን ቋጥሬ ሄጄ! ፍየሌን የማረልኝ እግዜር ነው።"

አዳኙ ብዙ አላወራም። "የእኔ ውሻ በእግሩ ገባ፣ ተጠቅልሎ ወጣ። ሌላ ምን ልበል?"

የምግብ ቤቱ ባለቤት ግን ስኒውን አስቀምጦ ተነሣ። "ሟርተኛ ነው፣ ወንድሜ! ውሻዬ የጎረቤት ልጅ ነከስ አደረገ። ልጅ ነው፣ ጅራቱን ጎትቶት ነው። ሐኪሙ 'ውሻውን እንዳትገድለው፣ 10 ቀን አስረህ አቆየው፤ ልጁ ግን ዛሬውኑ ለክትባት ወደ ሚዛን ከተማ ይሂድ' ብሎ ሰፈሩን አሸበረ። በአራተኛው ቀን ውሻዬ ጠባዩ ተለዋውጦ ሞተ። ከአፉ ነው ያወጣው!"

"ልጁስ?" አለ ነጋዴው።

"ልጁማ ይኸው ኳስ ይጫወታል። ምን ሆነና?"

ነጋዴው ውሻዋን ታቅፎ ሄደ፤ አራቱም ምን እንደሚሆን ለማየት ተከተሉት። የሐኪሙ ክፍል በቆርቆሮ የተሠራች ናት፤ ባለጉዳይ የሚናገረው በአንዲት መስኮት በኩል ነው፣ ሰልፉም ከመስኮቷ ሥር ይቆማል።

"ዶክተር፣" አለ ነጋዴው፣ "ስለ አንተ አራት ሰው ብጠይቅ አራት ሐኪም ነገሩኝ። የትኛው ነህ?"

ሐኪሙ ውሻዋን ሚዛን ላይ ሊያወጣ ዞር ሲል መዝገቡ መስኮቱ ላይ ተከፍቶ ቀረ። የባለቤት ስም አይጻፍበትም፤ እንስሳው፣ ክብደቱ፣ ከመምጣቱ በፊት የተሰጠው ነገር፣ የታዘዘለት፣ ይኸው ነው። ነጋዴው ማንበብ ጀመረ።

"ድመት። ሕመም የለም። የደረቀ ዓሣ ሰርቃ ጠግባለች። ጦም ትዋል።"

"ፍየል። ተቅማጥ፤ ከዝናብ በኋላ የበቀለ ሣር አብዝታለች። ትኩሳት የለም። መርፌ አይሰጥም።"

"አዳኝ ውሻ፣ 12 ኪሎ። ገንዲ። ከመምጣቱ በፊት ከገበያ የተገዛ የገንዲ መድኃኒት ግማሽ ፓኬት ተወግቷል። እየተንገዳገደ ገባ፤ ይንቀጠቀጣል፤ ሞተ።"

ነጋዴው እዚህ ላይ ቆመ። ቢጫዋ ፓኬት 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ የምትበቃ ናት። 12 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የሚደርሰው ከ25 እጅ አንዱ ነው፤ አዳኙ የሰጠው ከ12 እጥፍ በላይ ነበር። ጉዳቱ ደግሞ ወዲያው አይታይም፤ አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ አንጎል ላይ ይወጣል። ይህን ሁሉ ሐኪሙ በኅዳጉ ላይ በትንንሽ ፊደል ጽፎታል።

ሐኪሙ ተመለሰና እስክሪብቶውን አነሣ። እንደ ወትሮውም ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ፤ "ከመምጣቷ በፊት ምን ሰጠሃት?"

ሰልፉ ዝም አለ። አራቱም ከኋላ ቆመው ይሰማሉ። በነጋዴው ኪስ ውስጥ ጠዋት ግማሿን የወጋላት ፓኬት አለች።

"ምንም፣" አለ።

ሐኪሙም "ምንም" ብሎ ጻፈ፤ በክብደቷ ልክ ለክቶም ወጋት። በሦስተኛው ቀን ውሻዋ ሞተች። በሳምንቱ ቡናው ዘንድ ስለ ሐኪሙ አንድ አዲስ ሰው ሲጠይቅ፣ ቀድሞ የመለሰለት ነጋዴው ነበር።

ምሳሌውን የሰማ ሁሉ ነጋዴውን ይወቅሳል። እኔ መጀመሪያ የምወቅሰው መስኮቷን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሐኪሙ ግን ምስጢርን በሰልፍ ፊት እየጠየቀ እውነት ይጠብቃል። ውሻዋን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ቢጠይቅ ኖሮ መልሱ ሌላ በሆነ። መዝገቡ ትክክል መሆኑ ብቻውን ከጥፋቱ ነጻ አያወጣውም። በየከተማው ከሚሰማው ወቀሳ እውነተኛውም ብዙ ነው፤ ቸልተኛ ሐኪም አለ፣ ገበያ ላይ ያለ ትእዛዝ የሚቸበቸብ መድኃኒትም አለ።

ሁለተኛው ነገር ኳስ የሚጫወተው ልጅ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ልጁን ያተረፈው ሳይታመም የተሰጠው ክትባት ነው። ያልታመመን ልጅ ግን ማንም "ዳነ" አይልም፣ የምግብ ቤቱ ባለቤትም አላለም። በሀገር ደረጃም ያው ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የኢትዮጵያን በሬ ጨርሶ ክፉ ቀን ያልነውን ረሃብ አመጣ፤ ያ ዘመን እስከ ዛሬ ይወራል። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እዚያ ለመድረስ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሸክመው በአፋር በረሃ ከመንጋ ወደ መንጋ የተጓዙት ከዚያው ከአርብቶ አደሩ ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ስለ ክፉ ቀን የሚያወጋ ሽማግሌ በየቦታው አለ፤ ስለ እነዚህ ሰዎች የሚያወጋ ግን እኔ አላጋጠመኝም።

ወደ ቡናው ስመለስ፣ ከአራቱ ሐኪሙን አምርሮ የሚረግመው የምግብ ቤቱ ባለቤት ነው። የታዘዘውን አንድም ሳያጓድል የፈጸመውም እሱ ነው፤ ውሻውን አስሮ አቆየ፣ "አሸበረኝ" እያለም ልጁን በዕለቱ መኪና ላይ አሳፈረ። እኔ ሐኪም ብሆን፣ ድመቷን ይዞ እየመጣ ከሚያሞግሰኝ አከራይ ይልቅ እንዲህ ያለ ተሳዳቢ ደንበኛ ቢበዛልኝ እመርጣለሁ።