ባለቤቱ ያልመጣለት ዕቃ

ሰው ዕቃውን ሳይወስድ ቢቆይ መብቱን ትቶታል ማለት ነውን? ጥያቄው የሕግ ተማሪዎች ብቻ የሚከራከሩበት ይመስል ይሆናል። እኔን ግን ያገኘኝ አንድ ጠባብ የዕቃ ክፍል ውስጥ ነው።

እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ከትምህርት በኋላ ማታ ማታ እሠራለሁ። ሥራዬ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአንድ አፓርታማ መግቢያ ላይ መቀመጥ ነው። ለተከራዮች የሚመጣውን እሽግ ተቀብዬ እመዘግባለሁ፤ ከጀርባዬ ባለው ክፍል እደረድራለሁ፤ ባለቤቱ ሲመጣ አስፈርሜ አስረክባለሁ። ባለፈው ወር አለቃዬ፣ «ክፍሉ ሞልቷል፤ ከሠላሳ ቀን በላይ የቆየውን ቆጥረህ ለይና ይወገድ» አለኝ። ይወገድ! ለመናገር እንዴት የምትቀል ቃል ናት።

ቆጠራ ማለት መዝገቡንና መደርደሪያውን ማመሳከር ነው። ከወረቀቱ አናት ላይ «ያልወሰዱት» ብዬ ጻፍኩና ጀመርኩ። 19 እሽጎች ተገኙ። ርዕሱን ስጽፍ ጥፋቱ የባለቤቶቹ መስሎኝ ነበር። አንድ በአንድ ስመረምር ግን ነገሩ ተገለበጠ። አምስቱ ቤት ለቀው የሄዱ ሰዎች ናቸው። በሁለቱ ላይ የቤቱ ቁጥር 412 መሆኑ ቀርቶ 421 ተብሎ ስለተመዘገበ ማስታወቂያው የደረሰው ለጎረቤት ነው። የአንዱ ባለቤት ሆስፒታል የተኙ ሽማግሌ ናቸው። አንዱ ደግሞ ጭራሽ መዝገቡ ላይ የለም።

ይህንን የመጨረሻውን ሳልመዘግብ ላይኛው መደርደሪያ ላይ የወረወርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቷ የአገራችን ሰው፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ሁለት ጊዜ መጥተው ጠይቀውኛል። «እስቲ ልጄ፣ ደግመህ እይልኝ» ብለውኝ ነበር። እኔም ከወንበሬ ሳልነሣ መዝገቡን ገልጬ፣ «አልመጣም እማማ» ብያቸዋለሁ። እሽጉን ይዤ በራቸውን ሳንኳኳ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እኔ እኮ ልጄ ሳይልክ ልኬያለሁ ያለኝ መስሎኝ ተቀይሜው ነበር።»

ካንት በ1788 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን የመሰለ ምሳሌ ያነሣል። አንድ ሰው አደራ አስቀምጦ ይሞታል፤ ማስረጃ የሚሆን ጽሑፍም አልተወም። ተቀባዩ ቢክድስ? ካንት ሲመልስ፣ ማስረጃ የሌለውን አደራ ሁሉም ሰው ይካድ ቢባል አደራ የሚባል ነገር ራሱ ይጠፋል ይላል። ከእሱ በኋላ የመጣው ሄግል ግን፣ ቢጠፋስ ታዲያ ምን ተቃርኖ አለበት ሲል ይሞግተዋል። ክፍል ውስጥ ስንማረው ሄግል የረታ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን እጠራጠራለሁ። አደራ ሲጠፋ የሚጠፋው ካርቶን ብቻ አይደለም። እኔ ከወንበሬ ባለመነሣቴ እናት ልጇን ውሸታም አድርጋ ቆጠረችው። አደራ የተሸከመው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የላኪውን ቃል ጭምር ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም አደራን ከውሎች መካከል አስገብቶ ደንግጎለታል። ሆኖም ሕግ የሚነሣው ከሳሽ ሲኖር ነው። ሆስፒታል የተኛ፣ ማስታወቂያ ያልደረሰው፣ ዕቃው መምጣቱን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይክሰስ? አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል። የአደራ ጥብቅነት የሚፈተነው ጠያቂ በሌለበት ጊዜ ነው።

«ታዲያ የሰው ዕቃ እስከ ዕለተ ምጽአት ይከማች ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልወጣኝም። ቦታ ከጠበበ ነገ ለሚመጣው አደራ ማረፊያ ይታጣል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ባለቤት ያጣ ደብዳቤ የሚታይበት ክፍል ያቋቋመው በ1825 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም አትላንታ ባለው ማዕከል የላኪ ወይም የተቀባይ አድራሻ ለማግኘት እሽጉን ከፍተው ይፈልጋሉ፤ ሳይገኝ ሲቀር ዋጋ ያለውን ይሸጡታል። እንግዲህ ማስወገድ ራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ሳይፈልጉ ማስወገድ ነው። በር ማንኳኳት፣ መደወል፣ ለላኪው መመለስ፣ ይህ ሁሉ ይቀድማል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገኝ ዝምታ ምናልባት መተው ይባል ይሆናል። ያልተጠየቀ ሰው ዝምታ ግን መልስ አይደለም።

ጓደኞቼ፣ ነገ ከነገ ወዲያ በየቢሮው ተቀምጠን «ያላመለከቱ»፣ «ያልቀረቡ»፣ «ያልተመዘገቡ» እያልን ስም የምንዘረዝረው እኛ ነን። እንዲህ ያለው ርዕስ ገና ምርመራው ሳይጀመር በሌለው ሰው ላይ ይፈርድበታል። እኔ «ያልወሰዱት» የሚለውን ሰርዤ «ያላደረስናቸው» ብዬ ጽፌ ለአለቃዬ ሰጥቻለሁ። አለቃዬ ስቆ ሁለት ሳምንት ጨመረልኝ። እስካሁን አሥራ አንዱ ለባለቤታቸው ደርሰዋል። የሚቃወመኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንከራከር።