የተሰወረ ሙያና የተጻፈ ሙያ

አንድ ሰው ለዓመታት ደክሞ ያገኘውን ሙያ ለሌላው የማካፈል ግዴታ አለበትን? ወይስ የግል ሀብቱ ስለ ሆነ ቢሰውረውም አይወቀስም?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብን ከአሮጌ መጻሕፍት መካከል ያገኘነው አንድ የመኪና ጥገና መጽሐፍ ነው። የሚናገረውም ስለ ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1958 በእንግሊዝ አገር መሠራት ስለ ጀመረች ትንሽ የስፖርት መኪና ነው። ከእኛ መካከል የስፖርት መኪና ያለው ይቅርና መንዳት የሚችል እንኳ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ገጾቹን ስንገልጥ፣ ሞተሩ ከሚወርድበት አንሥቶ ተመልሶ እስኪገጠም ድረስ ያለው ሥራ ሁሉ በፎቶግራፍ ተደግፎ በተራ በተራ ተጽፎ አገኘነው። ስለ ቴስታታው አፈታት በሚናገረው ገጽ ላይ የአንድ የማናውቀው ሰው ጥቁር የዘይት አሻራ አለ። ያ ሰው መጽሐፉን ከጎኑ ዘርግቶ በገዛ እጁ ሲሠራ እንደ ነበር ተረዳን።

የዚህ ዓይነት መጽሐፍ አጀማመሩ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ጆን ሄይንስ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1965 በአገሩ አየር ኃይል ውስጥ ሆኖ በኤደን ሲያገለግል፣ አንድ ባልደረባው ስፕራይት መኪናውን ለማደስ እንዲረዳው ጠየቀው። ፋብሪካው ያዘጋጀው መጽሐፍ ግን ለሠለጠነ መካኒክ እንጂ ለተራ ሰው የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ሄይንስ ሞተሩ ሲፈታና ሲገጠም ደረጃ በደረጃ ፎቶግራፍ አነሣ። በ1966 የታተመው መጽሐፍ 3,000 ቅጂ ሦስት ወር ሳይሞላ ተሸጦ አለቀ።

ምናልባት አንዳንዶች፣ «መካኒኩ ምሥጢሩን ሁሉ ከሰጠ ልጆቹን በምን ያሳድጋል?» ይሉ ይሆናል። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ከመካከላችን በጋራዥ እንጀራ ያደገ አለና። ነገር ግን መካኒኩ ዋጋ የሚጠይቀው ስለ ምንድን ነው? ስለ ድካሙ፣ ስለ ጊዜውና ስለ እጁ ልምድ ከሆነ መጽሐፉ አንዳች አይቀንስበትም፤ ቡሎን ምን ያህል እንደሚጠብቅ ማንበብና ማጥበቅ ለየቅል ናቸውና። ዋጋ የሚጠይቀው ስለ ደንበኛው አለማወቅ ከሆነ ግን የሚሸጠው ሙያን ሳይሆን ጨለማን ነው። ዋናው ሥራ ሲደርስ ሻይ እንዲያመጣ የሚላከው ለማጅም የሚበደለው በዚሁ መንገድ ነው።

ማካፈልም ቢሆን ኀላፊነት አለው። ስለ ፍሬን የተሳሳተ ነገር የጻፈ ሰው ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። ሄይንስ የሚመሰገነው ከሰው የሰማውን ስላወራ ሳይሆን፣ ተፈትቶና ተገጥሞ ያየውን ስለ ጻፈ ነው። እንግዲህ ሳይፈትኑ ማስተማር ከመደበቅ የማይሻልበት ጊዜ አለ።

እኛስ? ፈተና ሲቀርብ የሒሳብ ደብተራችንን ከጓደኛችን የሰወርን ስንቶቻችን ነን? ውድድር መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም የጓደኛችን አለማወቅ እኛን አንዲት ነጥብ ዐዋቂ አላደረገንም። እንጀራ ለሌላው ሲቈረስ ያንሳል፤ ዕውቀት ግን ቢቈረስም ያው ሙሉ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን፣ ሠርተን ያረጋገጥነውን አንድ ነገር ለማያውቀው ሰው ከነአሠራሩ እናሳይ። አሻራው የቀረው ያ ሰውም የተማረው እንዲሁ ነው።