ከሥራ የቀደመ ውዳሴ

ሕዝብ በመረጠው መሪ ደስ መሰኘቱ አያስነቅፈውም። ዳሩ ግን ውዳሴው ከሥራው ሲቀድም የሚጎዳው ማን ነው?

ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፥ የአባታቸው አገር ኬንያ አንድ ቀን ሥራ ተዘግቶ እንዲውል አወጀች። በ2009 ሥልጣን ከያዙ ዘጠኝ ወር ሳይሞላቸው የኖቤል የሰላም ሽልማት ተወሰነላቸው፤ እርሳቸው ራሳቸው እንኳ ከቀደሙት ታላላቅ ተሸላሚዎች ጋር መቆጠር እንደማይገባቸው ተናገሩ። ወደ ኦስሎ ከመሄዳቸው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ግን 30,000 ተጨማሪ ወታደሮች ወደ አፍጋኒስታን እንዲዘምቱ አዘዙ።

እኛ የምናዝነው ለተወዳሹ ሳይሆን ለአወዳሹ ነው። አስቀድሞ ያጨበጨበ ሰው ይህን ሲሰማ ወይ ዝም ይላል፥ ወይም ተከዳሁ ብሎ ይጮኻል። ነገር ግን ማን ከዳው? ሰውየው በ2008 በበርሊን አደባባይ ለተሰበሰበው ሕዝብ፥ ለአፍጋኒስታን የእናንተም ጦር ያስፈልጋል ሲሉ በግልጽ ነግረውት ነበር፤ በዚያ ሁሉ እልልታ መካከል ይህን ማን አደመጠ?