ስለ ገዦች አንደበትና ስለ ሰሚው ጆሮ

የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ሊይዝ በተነሣ ጊዜ ከሠራዊቱ ጋር የላከው ራፋስቂስ ሰይፉን ከመምዘዙ በፊት አንደበቱን መዘዘ። የሕዝቅያስ ሹማምንት በሶርያ ቋንቋ ይናገር ዘንድ ለመኑት፤ እርሱ ግን በቅጥሩ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ እንዲሰማው ፈልጎ ድምፁን ከፍ አድርጎ በአይሁድ ቋንቋ ተናገረ። አስቀድሞ በረኃብና በጥም አስፈራራቸው፤ ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ወይኑንና በለሱን ተስፋ ሰጠው፤ ንጉሣቸው እንደሚያታልላቸው ነገራቸው፤ ከሁሉም የሚብሰው፥ ወደዚያች አገር የላከው ራሱ እግዚአብሔር እንደ ሆነ መናገሩ ነው። መጽሐፈ ነገሥትን አስተውሎ የሚመለከት ሰው፥ ከዚያ ወዲህ የተነሡ ገዦች ሕዝብን ለማሳመን የተጠቀሙበትን ጥበብ አብዛኛውን በዚያ ቅጥር ሥር ያገኘዋል።

ሕዝቡ ግን ዝም አለ። ንጉሡ እንዳይመልሱለት አዝዞ ነበርና አንዲት ቃል እንኳ አልመለሰለትም።

እኛ ይህን ማንሣታችን የአሦርን ነገር ለመተረክ አይደለም። በአገራችን ላይ የደረሰውን፥ ከአባቶቻችን የሰማነውንና ከታሪክ መጻሕፍት ያገኘነውን ነገር በዚሁ ታሪክ ለመመርመር አስበን ነው።

መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ከተሞች ሕዝብን የሚጠራ ድምፅ ተሰማ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱም ደወል አብሮ ተደወለ። ሕዝቡ በየአደባባዩ ሲሰበሰብ ሙሶሊኒ በሮማ ከቬኔሲያ ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ወጥቶ ተናገረ፤ ቃሉም በራዲዮ በየከተማው ተሰማ። በማግሥቱ ሠራዊቱ መረብን ተሻገረ። ያ ቀን በእኛ ዘንድ የግሸን ማርያም በዓል ነው፤ ከሰባት ወር በኋላ በዚያው ሰገነት ላይ ቆሞ ኢጣልያ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሆነች ብሎ ያወጀበት ግንቦት 1 ቀንም የእመቤታችን ልደት ነው። ይህን የምንጽፈው ከቀን አቆጣጠር ምሥጢር ለማውጣት ሳይሆን፥ የእኛ አባቶች በማሕሌት ቆመው ሳሉ በባሕር ማዶ ስለ እነርሱ ምን ይነገር እንደ ነበረ አንባቢ እንዲያስበው ነው።

ሙሶሊኒ በዚያ ቀን የተናገረውን የመረመረ ሰው ሥራውን በግልጥ ያየዋል። ዐርባ ሚሊዮን የሚያልፈውን ሕዝብ እንደ አንድ ሰው አድርጎ፥ ይህ አንድ ሰው ተበድሏል አለ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የሞቱትን 670,000 ኢጣልያውያን ቈጥሮ፥ ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ ከሌሎች መንግሥታት ማዕድ ፍርፋሪ ብቻ እንደ ደረሳቸው ነገራቸው። በኢትዮጵያም ላይ ዐርባ ዓመት እንደ ታገሡ ነገራቸው፤ ከዐድዋ ድል ጀምሮ መቍጠሩ ነው። ልብ በሉ፤ የሞቱት ሰዎች በእውነት ሞተዋል፤ እናቶቻቸው በአደባባዩ መካከል ቆመው ነበር። ሐሰት ብቻዋን ብትመጣ የሚቀበላት ጥቂት ነው፤ እውነተኛ ሐዘን ላይ ተቀምጣ ስትመጣ ግን በሩ ሁሉ ይከፈትላታል። ሊወርር የተነሣው እንደ ተወረረ ሆኖ ተናገረ፤ ሰሚውም የገዛ ቁስሉ ስለ ተነካ ሌላውን ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘም።

ግንቦት 1 ቀን ደግሞ ሌላ ጥበብ ጨመረበት። ለዚህ ግዛት የተገባችሁ ትሆናላችሁን ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ፤ ሕዝቡም ባንድ ድምፅ እሺታውን ጮኸ፤ እርሱም ይህ ጩኸታቸው በእግዚአብሔርና በሰው ፊት የሚያስራቸው መሐላ መሆኑን ነገራቸው። ሰው መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀለትን ጥያቄ ሲጠየቅ የመለሰ ይመስለዋል እንጂ አልመለሰም፤ ከአፉ የወጣው ቃል ግን እርሱን ያስረዋል።

በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል የተደረገውን እኛ ካህናት ሳንዘገንን ልናነበው አይገባንም። ታኅሣሥ 8 ቀን የኢጣልያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን እያወለቁ ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተጠሩ። ንግሥት ኤሌና አስቀድማ ሰጠች፤ ብዙ ሴቶችም ተከተሏት፤ በወርቁ ፈንታ የብረት ቀለበት ተቀበሉ። በምሥጢረ ተክሊል የተባረከች ቀለበት መርዝ ለሚያዘንብ አውሮፕላን ዋጋ ስትሆን፥ ይህን ያደረገው የሰይፍ ግዳጅ ሳይሆን ቃል ነው። ደግሞም በጥቅምት 17 ቀን በሚላኖ ታላቁ ካቴድራል አንድ ካርዲናል የዚያ ጦርነት ሠራዊት መስቀልን ወደ ኢትዮጵያ እንደሚያደርስ አድርጎ ሰበከ። መስቀል ደርሶ ወደ ኖረበት አገር! ራፋስቂስ እግዚአብሔር ልኮኛል ሲል ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ይህኛው ግን ከመቅደሱ ውስጥ ተናገረ።

በሌላው ላይ ከመፍረዳችን በፊት የራሳችንን እንናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ የንግሥ በዓል ላይ አንድ ባለ ሥልጣን ከስብከታችን ጋር እንድናነብለት ወረቀት ላከልን። እኛም አነበብነው፤ ማንበብ ብቻ ሳይሆን እንዲጣፍጥ ከወንጌል ቃል ቀላቀልንበት። ሕዝቡ እልል አለ፤ እኛም ደስ አለን። ታቦቱ ከገባ በኋላ አንዲት አሮጊት መስቀል ሊሳለሙ ቀርበው፥ «መምሬ፥ ዛሬ ያነበቡት የትኛው ወንጌላዊ የጻፈው ነው? እኔ ሰምቼው አላውቅም» አሉን። ሴትዮዋ ይህን ያሉት በቅንነት ይሁን በነገር እስከ ዛሬ አናውቅም፤ መልስ ግን አልነበረንም።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ፈረንሳይኛ አሳምረው የሚያውቁ ሲሆኑ በአማርኛ መናገርን መረጡ። ገና ሊጀምሩ ሲሉ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ያፏጩባቸው ጀመር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ረባሾቹ እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ጠበቁ። ከዚያም አውሮፕላኖች ተከታትለው መርዙን እንዴት እንደ ረጩት፥ ሰውና ከብት፥ ወንዝና መስክ እንዴት እንደ ጠፋ በዝርዝር ተናገሩ፤ በመጨረሻም ለሕዝባቸው ይዘው የሚመለሱት መልስ ምን እንደ ሆነ ጉባኤውን ጠየቁ። በዚህ ንግግር ውስጥ ጥበብ የለም የሚል ይሳሳታል፤ ጥያቄን በመጨረሻ ማስቀመጥ ራሱ ጥበብ ነው። ነገር ግን ይህ ጥያቄ መልሱ አልተዘጋጀለትም፤ የተነገረውንም ነገር ሰሚው መርምሮ ሊደርስበት ይችል ነበር። ጉባኤው ግን በዚያው ሐምሌ በኢጣልያ ላይ የተጣለውን ቅጣት አነሣ። እንግዲህ እውነተኛ ንግግር ሁልጊዜ ያሸንፋል ብለን ምእመናንን አናታልል። የንጉሡም ቤት አንደበት ሁልጊዜ እንዲህ ነበረ ማለታችን አይደለም፤ በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ መናገር የሚገባው ዝም እንዳለ አንረሳም።

በቅኔ ጉባኤ ያደግን ሁሉ ተማሪ ቅኔውን ሲያቀርብ ይበል፥ ይበል እንደሚባል እናውቃለን። መምህሩ ግን ወዲያው ይበል አይልም፤ አገባቡን ይመረምራል፥ ቤቱን ይቈጥራል፥ ሰሙ ወርቁን ይሸከም እንደ ሆነ ያያል፤ ዜማው ብቻ አምሮ ምሥጢሩ የጎደለውን ይመልሰዋል። ይህ ጆሮ ለቅኔ ብቻ የተሰጠን አድርገን መያዛችን ያሳዝናል። ዮሐንስ አፈ ወርቅም የንግግርን ጥበብ ከአሕዛብ መምህራን ተምሮ ሳለ፥ በቤተ ክርስቲያን ሲያስተምር ሕዝቡ እያጨበጨበ ሲያደንቀው ያዝንና ይገሥጽ ነበር፤ ጭብጨባው ቃሉ ወደ ልብ ሳይወርድ በእጅ ላይ ሲቀር ያይ ነበርና። እኛ ግን እልልታውን ስንሰማ ስብከቱ ሠመረ እንላለን።

አቡነ ጴጥሮስ በተያዙ ጊዜ በጠላት እጅ መድፍም ታንክም አውሮፕላንም ነበረ፤ አዲስ አበባም ተይዛ ነበር። ከአንድ ምርኮኛ ጳጳስ የሚፈልጉት ምን ቀረ? የሚፈልጉት አንደበታቸውን ነበር፤ ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲሰብኩ፥ አርበኞቹን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ። ብፁዕነታቸው ይህን አሻፈረኝ አሉ፤ ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ፥ ምድሪቱም እንዳትቀበለው ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ በተሰበሰበበት በጥይት ተገደሉ።