እንጨቱን በሲሚንቶ የምትቀብሩ

እናንተ በራያ የጎብዬ፣ የሮቢትና የቆቦ ባለ ቤቶች፣ የአያቶቻችሁን ቤት በሲሚንቶ ልስን የምትሸፍኑ፣ ግንባሩ ላይ ሴራሚክ የምትለጥፉ፤ እናንተም በየደብሩ ያላችሁ ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች፦ ይህን ሥራችሁን እድሳት ብላችሁ አትጥሩት።

የጭቃው ግድግዳ ምን በደላችሁ? ከጽድና ከወይራ ቋሚ፣ ከማገርና ጭድ ገብቶበት ከቦካ ጭቃ የተሠራ ግድግዳ ዝናብ ሲመታው እርጥበቱን ይመጥጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ይህን ይከለክለዋል። ጭቃው አልይዝ ስለሚለው ሽቦ ወጥራችሁ በሚስማር ትመቱበታላችሁ፤ ውሎ አድሮ ልስኑ ከጭቃው ይላቀቅና በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ጎታ ይጮኻል። በስንጥቁ የገባው የክረምት ውኃ መውጫ አጥቶ ወደ ቋሚዎቹ እግር ይወርዳል። እግራቸው ይበሰብሳል፤ ምስጡም ከልስኑ ጀርባ ተሸሽጎ ሽቅብ ይበላል። ምስጥ በቆላ ምን እንደሚሠራ ለራያ ሰው አይነገረውም! የተመረገ ግድግዳ ጉዳቱ ይታያል፣ ዳግም ይመረጋል። የእናንተው ውስጡ አልቆ ፊቱ ያብረቀርቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማችሁ አድጋችኋል።

አቅም አጣን አትበሉ። ሲሚንቶውም ሽቦውም ሴራሚኩም በብር ነው የሚገዛው፤ ጭቃና ጭድ ከደጃችሁ ነው። ያሸነፋችሁ ጎረቤት ምን ይለኛል ነው።

ኮሚቴዎቹ ትብሳላችሁ። በዚሁ በሰሜን ወሎ፣ ላሊበላ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ ተራ በተራ ተደርቦ የተሠራ ነው። ከ800 ዓመት በላይ ቆሞ እንጨቱ ዛሬም ፊት ለፊት ይታያል። ዋሻው ከዝናብ ጠብቆት ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ታዲያ እናንተ ክዳኑን ሳትደፍኑ ግድግዳውን ለምን ሴራሚክ ታለብሱታላችሁ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገን ይከለክላል። ምእመኑን ብር ከመለመናችሁ በፊት የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደጅ መርገጥ ምን ይከብዳል?

የተበላውን ቋሚ ለይታችሁ በጽድ ተኩት። የጣራውን ውኃ ከግድግዳው ሥር አርቁት። የለጠፋችሁትንም ሲሚንቶ ክረምት ሳይገባ አንሡና ምረጉ።