ላብ ሁሉ አንድ ነውን?

ሰው ሁለት ዓይነት ላብ ያልበዋል። አንደኛው እንጀራውን ለማግኘት ሲሠራ፥ ሁለተኛው ሲጫወት ወይም ለጤናው ሲንቀሳቀስ የሚያልበው ነው። ሁለቱም ከአንድ ሰውነት ይወጣሉ፤ ሁለቱም ጨው ጨው ይላሉ። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፤ ላብ ሁሉ አንድ ነውን? አንድ ካልሆነስ ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት የአንድን አገር ሕዝብ የሰውነት እንቅስቃሴ ለማወቅ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። እነርሱም በሥራ ላይ የሚደረግ ድካም፥ በእግር ወይም በብስክሌት የሚደረግ ጉዞ፥ በዕረፍት ጊዜ የሚደረግ ስፖርት ናቸው። ድርጅቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለጎልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፥ ለልጆችና ለወጣቶች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንደሚያስፈልግ አስታውቋል። በ2024 ዓ.ም. በሰጠው መግለጫም፥ በ2022 ዓ.ም. ከዓለም ጎልማሶች 31 በመቶው፥ ይኸውም 1 ቢሊዮን 800 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ፥ ከዚህ ልክ በታች እንደ ነበረ ገልጧል። ይህ ቍጥር ጠቃሚ ነው። ዳሩ ግን ቍጥር ደቂቃን ይቈጥራል እንጂ ፍርድን አይቈጥርም።

በጎፋ በማለዳ በአስፋልቱ ዳር የሚያልፍ ሰው ሁለት ዓይነት ሰዎችን ያያል። አንዱ ቱታ ለብሶ የሚሮጥ ነው፤ ቀኑን በወንበር ላይ ስለሚውል ጤናውን በሩጫ ይጠብቃል። ሌላው አካፋውን ይዞ ቆሞ የቀን ሥራ የሚጠብቅ ነው። ይህኛው ሥራ ካገኘ 50 ኪሎ የሚመዝን የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል፤ ሴቶቹም ሁለት ሁለት ሆነው አሸዋና ጠጠር በባሬላ ያመላልሳሉ። በመዝገብ ቢጻፍ ከሯጩ ይልቅ የቀን ሠራተኛው ብዙ ደቂቃ ተንቀሳቅሷል። ታዲያ ከሁለቱ ጤናማው እርሱ ነው እንበልን?

ጄረሚ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፥ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ነጂዎችና ትኬት ቈራጮች አነጻጸረ። ነጂው ቀኑን ሁሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቈራጩ ግን ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ በሽታም ከትኬት ቈራጮቹ ይልቅ በነጂዎቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው፥ በልክ የሆነ ሥራ ራሱ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ነው። በቅርብ ዘመን የተነሡ አንዳንድ ተመራማሪዎች ደግሞ፥ ከባድ የጉልበት ሥራ ስፖርት ለልብ የሚሰጠውን ጥቅም ላይሰጥ፥ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል ይላሉ። ነገሩን ለመረዳት አያስቸግርም። ሯጩ ሲደክመው ይቆማል፥ ሲጠማው ይጠጣል፥ ሲበቃው ወደ ቤቱ ይገባል። ተሸካሚው ግን አሠሪው እስኪያሰናብተው ድረስ አይቆምም፤ በማግሥቱም ድካሙ ሳይወጣለት ይመለሳል።

እንግዲህ ልዩነቱ ያለው ከላቡ ላይ አይደለም፤ ከዕረፍቱና ከነጻነቱ ላይ ነው። በአንድ ከተማ አንዱ በመቀመጥ ብዛት፥ ሌላው በመሸከም ብዛት ሲታመም ሳይ፥ የሁለቱ በሽታ ምንጭ አንድ መስሎ ይታየኛል። ለሁለት ሊከፈል የሚገባው ድካም በአንዱ ጫንቃ ላይ ተከምሯልና። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ካጠናነው ከብሉይ ኪዳን ሕግ አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፤ ሕጉ የሰንበትን ዕረፍት ለጌታው ብቻ አልሰጠም፥ ለአገልጋዩም ለበሬውም ሰጠ እንጂ።

የድካሙ መከመር አንዱ ምክንያት ድህነት መሆኑ አይካድም። ሌላው ግን የእጅ ሥራን መናቅ ነው። በአገራችን አንጥረኛው፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ ሲናቁ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ አብሮን አለ። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም ውኃ በጠፋ ቀን፥ እናቲቱ ወይም የቤት ሠራተኛይቱ ጀሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ትወጣለች። የተማረው ልጅ ግን ጀሪካን መሸከም ያሳፍረዋል፤ ገንዘብ ከፍሎም ብረት ለማንሣት ወደ ጂም ይሄዳል። ክንዱ በርትቷል፤ ቤቱ ግን ከብርታቱ ምን ተጠቀመ?

«እንግዲያው ስፖርት ከንቱ ነው ይሉናልን?» የሚል ወጣት ይኖር ይሆናል። አላልሁም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የአገራችንን ስም በዓለም ሁሉ አስጠርቷል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ሕፃናት በአስፋልት ላይ ሲጫወቱ ማየትም ደስ ያሰኛል። ጨዋታ ለሰው ልጅ የተሰጠ በረከት ነው። ነገር ግን በሯጮቻችን ዝና እየተኰራን ራሳችን ተቀምጠን ብንውል፥ በሌላ ሰው እግር ሮጦ የተፈወሰ ሰው እንደሌለ እናስታውስ።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ሩጡ፥ ተጫወቱ፥ በእግራችሁም ሂዱ። ከዚያ አስቀድሞ ግን በቤታችሁ ውስጥ ማን ለእናንተ ሲል እንደሚደክም ተመልከቱ። ልብሳችሁን እጠቡ፥ ውኃውን ቅዱ፥ ዕቃውን ተሸከሙ። ነገ አሠሪ ስትሆኑ ደግሞ ለምታሠሩት ሰው የዕረፍት ሰዓቱን አትንፈጉት። ለጤናችሁ ስትሉ የምታነሡት ሸክም ከሌላ ሰው ጫንቃ ላይ የወረደ ቢሆን፥ ያ አንድ ላብ ሁለት ሰው ይጠቅማል።